ምዕራፍ ዘጠኝ፦ ተተክሎ ያላማረ ፀጉር

ፀጉሩን አስተክሎ ውጤቱ ያላማረው ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ ሌላ ሐኪም ፈልጎ ማስጠገን ነው። አይፈረድበትም። ገንዘቡን አውጥቷል፣ ምናልባትም ተበድሯል። የዓመት ፈቃዱን ጨርሶ አገር አቋርጧል። ጓደኛውም የሥራ ባልደረባውም "እስቲ አሳየን" ብለውታል። ይህን ምዕራፍ የምጽፈው ያን ሰው "ቆይ" ለማለት ነው። በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና የተበላሸ ነገር ብዙውን ጊዜ በከፊልም ቢሆን ይስተካከላል፤ በንዴት የተደረገ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና የሚጨርሰውን ፀጉር ግን የሚተካው የለም።

ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ንቅለ ተከላ አዲስ ፀጉር አይፈጥርም፤ ከማጅራትና ከጆሮ በላይ ካለው የራስ ቆዳ ፀጉሩን ከነሥሩ እያወጣ ወደ ሳሳው ቦታ ያዛውራል። የኒውዮርኩ የቆዳ ሐኪም ኖርማን ኦረንትራይክ ይህን ሕክምና ለወንዶች ራሰ በራነት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። በ1959 ያሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ከማጅራት የመጣ ፀጉር ግንባር ላይ ቢተከልም የመጣበትን ቦታ ጠባይ ይዞ ይቀጥላል። የወንዶችን ግንባርና አናት የሚያራቁተው ዲኤችቲ የተባለው ሆርሞን የማጅራቱን ፀጉር እምብዛም አይነካውም፤ ሕክምናው የቆመው በዚህ እውነት ላይ ነው። የተነቀለበት ቦታ ግን መልሶ አያበቅልም። የማጅራት ፀጉር የዘር እህል ነው፤ በአንድ ክረምት ያለ ቦታው የበተነው ገበሬ ለከርሞ የሚዘራው አይኖረውም። ከአንድ ሰው ማጅራት በዕድሜ ልኩ የሚወሰደው ጥቂት ሺህ ግራፍት ብቻ ነው። ግራፍት የሚባለው ከአንድ ቀዳዳ አብሮ የሚወጣ ከ1 እስከ 4 ዘለላ ፀጉር ከነሥሩ ነው። ስለዚህ ስለ ጥገና የሚያስብ ሰው "ማን ይጠግንልኝ?" ከማለቱ በፊት "ስንት ቀረኝ?" ብሎ መጠየቅ አለበት።

ከዚያም በፊት ውጤቱ በእርግጥ መጥፎ መሆኑ መታወቅ አለበት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በተተከለው በእያንዳንዱ ፀጉር ዙሪያ ደቃቅ ቅርፊት ይሠራል፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ በእጥበት ይለቃል። ሰውን የሚያስደነግጠው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት የተተከለው ፀጉር መርገፍ ይጀምራል። ትራስ ላይ፣ ፎጣ ላይ፣ ማበጠሪያ ላይ ይገኛል። የሚረግፈው ዘለላው ነው፤ ሥሩ ቆዳ ውስጥ ቀርቶ ያርፋል፤ ዕረፍቱም ሦስት ወር ገደማ ይቆያል። አንዳንድ ጊዜ በአካባቢው የነበረው ነባር ፀጉር ጭምር በድንጋጤ ይረግፋል፤ ሰውየው ከማስተከሉ በፊት ከነበረው የባሰ ሳስቶ ይታያል። በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ቀጫጭን፣ አንዳንዴም ከወትሮው የተጠማዘዘ ፀጉር ብቅ ይላል። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ለውጡ ለሰው ዓይን የሚገባው ከስድስተኛው ወር ወዲህ ነው። ሙሉ ውጤቱ በ12ኛው ወር ገደማ ይታያል፤ አናት ላይ የተተከለው እስከ 15 እና 18 ወር ሊዘገይ ይችላል።

እንግዲህ በአራተኛው ወር "አልበቀለልኝም" ብሎ ሌላ ክሊኒክ የሚገባ ሰው ያልታየ ፈተና እንደወደቀ እየቆጠረ ነው። እዚያ የሚቀበለው ሐኪም ሕሊና ያለው ከሆነ ፎቶ አንስቶ፣ ቀጠሮ ሰጥቶ ይመልሰዋል። በዚያው ሳምንት ለማስተከል ቀን የሚቆርጥለት ከሆነ ከዚያ ክሊኒክ ይውጣ።

መጠበቅ የሌለባቸው ነገሮችም አሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ቀይ እብጠት እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሕመሙ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ከጨመረ፣ ወይም የተተከለበት ወይም የተነቀለበት ቆዳ ከጠቆረና ከሞተ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ቆዳ የሚሞተው ደም ሳይደርሰው ሲቀር ነው። ቀዳዳዎቹ እጅግ ተጠጋግተው ሲበሱ፣ በተለይም ሲጋራ በሚያጨስ ሰው ላይ፣ ይህ ሊደርስ ይችላል። በእኛ ቤት ደግሞ አንድ ልማድ አለ፦ ራስ ቆዳ ሲደርቅና ሲያሳክክ ለጋ ቅቤ መቀባት። ለጤነኛ ፀጉር የሚወደድ ነገር ነው፤ ያልዳነ ቁስል ላይ ግን አይቀባም። ሐኪሙ ከሰጠው ማጠቢያና ቅባት በቀር ምንም አይጨመር።

የመጠበቂያው ዓመት ሥራ የሌለበት ዓመት አይደለም። በወር አንድ ቀን፣ በዚያው መስኮት አጠገብ፣ በዚያው ርቀት፣ ፀጉሩን አርጥበውና ከፋፍለው ፎቶ ያንሱ፤ ግንባሩን፣ አናቱን፣ ሁለቱንም ጎንና ማጅራቱን። እርጥብ ፀጉር አይዋሽም። ደረቅ ሆኖ ሲበጠር የሚደበቀው ክፍት ቦታ ሲረጥብ ይወጣል፣ የበቀለውም በትክክል ይቆጠራል። ከሠራው ክሊኒክ ደግሞ የሕክምና መዝገብዎን በጽሑፍ ይጠይቁ። ስንት ግራፍት ተነቀለ? ከነዚያ ውስጥ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት ዘለላ የሆነው ስንት ነው? የመንቀያው መርፌ ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር ነበር? ቆዳውን የበሳው ማን ነው? ይህ መዝገብ ለክስ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ቀጣዩ ሐኪም ማጅራትዎ ላይ የቀረውን የሚገምተው ከዚህ ተነሥቶ ነው። መዝገብ የለንም የሚል ክሊኒክ ስለ ራሱ ብዙ ነገር ተናግሯል።

ዓመቱ ሞልቶ ፀጉሩ በጥቂቱ ብቻ ከበቀለ ምክንያቱ መፈለግ አለበት፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚደረግ ጥገና ያንኑ ስህተት መድገም ነው። አንደኛው ምክንያት ግራፍቱ ከሰውነት ውጭ የቆየበት ሁኔታ ነው። የቴክሳሱ ሐኪም ቦቢ ሊመር በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ያቆያቸውን ግራፍቶች ሲከታተል፣ 2 ሰዓት ከቆዩት 95 ከመቶው፣ 24 ሰዓት ከቆዩት 79 ከመቶው፣ 48 ሰዓት ከቆዩት ደግሞ 54 ከመቶው ብቻ በቅለዋል። ይህ በጥንቃቄ ለተያዘ ግራፍት ነው። ጓንት ላይ ተቀምጦ ለጥቂት ደቂቃ የደረቀ፣ ወይም በመቆንጠጫ ሥሩ የተጨፈለቀ ግራፍት ከዚህ እጅግ ያነሰ ዕድል ነው ያለው። በአንድ ቀን እጅግ ብዙ ግራፍት እንተክላለን የሚል ማስታወቂያ ያስደስታል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ግን ሰዓቱም ይረዝማል፣ የሠራተኛውም እጅ ይደክማል።

ሁለተኛው ምክንያት እኛን በቅርብ ይመለከተናል። የአገራችን ሰው ፀጉር ከሉጫ እስከ ከርዳዳ ብዙ ዓይነት ነው። ከርዳዳ ፀጉር የሚጠቀለለው ከቆዳ በላይ ብቻ አይደለም፤ ቆዳ ውስጥ ያለው ሥሩም እንደ ቀስት የጎበጠ ነው። ኤፍ ዩ ኢ በሚባለው ዘዴ ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ መርፌ ይዞ ፀጉሩ በቆዳ ላይ በወጣበት አቅጣጫ ይበሳል። ሥሩ ቀጥ ያለ ከሆነ መርፌው ዙሪያውን ይከበዋል፣ ግራፍቱም ሙሉ ሆኖ ይወጣል። ሥሩ የጎበጠ ከሆነ መርፌው ከላይ ትክክል ቢመስልም ከሥር ጉብጠቱን ይቆርጠዋል፤ የሚወጣው ሥር አልባ ዘለላ ነው። እዚያ ግንባር ላይ ሲተከል አይበቅልም፤ ማጅራቱ ላይም ብዙውን ጊዜ ጠፍቷል። በሉጫ ፀጉር ላይ የተካነ ቡድን፣ ክፋት ሳይኖርበት፣ በከርዳዳ ፀጉር ላይ ብዙ ሊያጠፋ ይችላል። ከርዳዳ ፀጉር በሌላ በኩል ባለውለታ ነው፦ ስለሚጠቀለል ጥቂቱ ብዙ ቆዳ ይሸፍናል፣ በጥሩ እጅ ከተሠራ በአነስተኛ ግራፍት ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ስለዚህ ለጥገና ሐኪም ሲመረጥ እንደ እርስዎ ያለ ፀጉር ያላቸው ሰዎች ላይ የሠራውን፣ ከዓመት በኋላ የተነሣ ፎቶ ያሳይ። መቶ የሉጫ ፀጉር ፎቶ ይህን አይተካም።

ሦስተኛው ምክንያት በሽታ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚረሳው እሱ ነው። ሊከን ፕላኖፒላሪስን የመሰሉ አንዳንድ የቆዳ በሽታዎች የፀጉሩን ሥር እየበሉ ቦታውን ጠባሳ ያደርጉታል። በሽታው ንቁ ሆኖ ሳለ የተተከለ ፀጉር እንደ ነባሩ ይበላል። የቆዳ ሐኪም በዴርሞስኮፕ ሲመለከት በፀጉሩ ሥር ዙሪያ ነጭ ቅርፊትና የተደፈኑ ቀዳዳዎች ያያል፤ ካስፈለገም ትንሽ ቆዳ ተወስዶ ይመረመራል። ይህ ምርመራ አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛል፤ በአለርትም ሆነ በሌሎች ሆስፒታሎች የቆዳ ሐኪሞች አሉ። ፀጉር ለማስጠገን ባሕር ከመሻገር በፊት አንድ የቆዳ ሐኪም ዘንድ መሄድ ከሁሉም ርካሹ እርምጃ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሴቶች ሳልናገር አላልፍም። ለዓመታት ጥብቅ ተደርጎ የተሠራ ሹሩባ፣ ከሥሩ የተሰፋ ሂውማን ሄር፣ ሲብስም ሁለቱ ሲፈራረቁ የግንባርና የጆሮ ግንድ ፀጉርን ይነቅላሉ። መጀመሪያ ላይ ጉዳቱ ይመለሳል፤ መጎተቱ ሲቆም ፀጉሩ ይበቅላል። ሲቆይ ግን ሥሩ ይሞታል፣ ያኔ ንቅለ ተከላ ሊረዳ ይችላል። አስተክላ ስታበቃ ወደዚያው ጥብቅ ሹሩባ የምትመለስ ሴት የተተከለውንም ታጣዋለች፤ አዲሱ ፀጉር ከነባሩ የተለየ ጥንካሬ የለውም። ከአናት ጀምሮ ወደ ዙሪያ እየሰፋ የሚሄድና ቦታውን ልሙጥ የሚያደርግ መሳሳት ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፤ ሳይታከምና ሳይረጋ አይተከልበትም። ሴቶች እህቶቻችን በዚህ ጉዳይ ከወንዶች ይልቅ ዝም ብለው ይሠቃያሉ፤ ነጠላው፣ ሻሹና ዊጉ ይሸፍነዋልና። ሽፋኑ የሐኪም ቤቱን ቀጠሮ እንዳያዘገየው እለምናለሁ።

ፀጉሩ በቅሎም ሊያምር የማይችልበት ጊዜ አለ። የተፈጥሮ የግንባር ፀጉር መስመርን ጠጋ ብለው ይዩት። ቀጥ ያለ አይደለም። ከፊት ያሉት ነጠላ ነጠላ ቀጫጭን ዘለላዎች ናቸው፤ አንዱ ወጣ ሌላው ገባ ይላል። ከኋላቸው ሁለት ሁለት የሆኑት፣ ከዚያም ሦስትና አራት የሆኑት ይከተላሉ። ሁሉም ጋደም ብለው ወደ ፊት ያጋድላሉ። በኦረንትራይክ ዘመን የሚተከለው 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ የቆዳ ቁራጭ ነበር፤ በአንዱ ውስጥ ደርዘንና ከዚያ በላይ ዘለላ ስለሚኖር ግንባሩ የአሻንጉሊት ፀጉር ይመስል ነበር። ዛሬ ያ ዘዴ ቀርቷል፤ ስህተቱ ግን በትንሹ ይደገማል። ባለ ሦስትና ባለ አራት ዘለላ ግራፍት ከፊት ረድፍ ይተከላል፤ ፀጉሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይቆማል፤ መስመሩ በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላል፤ አንዳንዴም የ16 ዓመት ልጅ ግንባር እስኪመስል ወደ ቅንድብ ይወርዳል። ይህን ጊዜ አያስተካክለውም።

ማስተካከያው እንደ ጥፋቱ ይለያያል። መስመሩ በቂ ከፍታ ካለው ከፊቱ ነጠላ ዘለላዎችን በመትከል ማለስለስ ይቻላል፤ ጥቂት ግራፍት የሚወስድ፣ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣ ሥራ ነው። መስመሩ ከወረደ ግን መጨመር ጥፋቱን ያጎላዋል፤ መፍትሔው መንቀል ነው። ወፍራሞቹን ግራፍቶች በኤፍ ዩ ኢ አውጥቶ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ከፋፍሎ ወደ ኋላ መልሶ መትከል ይቻላል፤ በዚህ መንገድ ጥፋቱ ራሱ ለጥገናው ፀጉር ያበድራል። ለእኔ ከጥገና ዘዴዎች ሁሉ የሚደነቀው ይህ ነው። ፀጉሩ ዳግም የማይፈለግ ከሆነ በሌዘር ወይም በኤሌክትሮሊሲስ ይጠፋል። ለጠቆረ ቆዳ ኤንዲ ያግ የተባለው ሌዘር ከሌሎቹ ይልቅ ደኅንነት አለው፤ ያላግባብ የተመረጠ ሌዘር ቆዳ ያቃጥላል፣ ነጭ ወይም ጥቁር ምልክት ይተዋል። በአንድ ቀጠሮ አያልቅም፤ ወራት ይወስዳል።

ማጅራቱ ያለልክ ተነቅሎ ብል የበላው ልብስ ከመሰለ ነገሩ ይከብዳል። ቀላሉ መፍትሔ በማሽን አጭር አድርጎ መቆረጥን ትቶ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ማሳደግ ነው። ከአገጭ በታች ያለው የጢም ፀጉር ሊወሰድ ይችላል፤ ወፍራም ስለሆነ ግን ለፊት መስመር አይሆንም፣ በአናት መካከል ከነባሩ ጋር ተቀላቅሎ ድምቀት ይሰጣል። የራስ ቆዳን በጥቃቅን የቀለም ነጥቦች መነቀስ ደግሞ ክፍተቱንም ጠባሳውንም ያደበዝዛል። ኤፍ ዩ ቲ በተባለው፣ የቆዳ ቁራጭ ተቆርጦ በሚወጣበት ዘዴ የቀረ ሰፊ የመስመር ጠባሳ ካለ እንደገና ተቆርጦ ሊጠብ ወይም ግራፍት ሊተከልበት ይችላል። ጠባሳቸው እያበጠ ኬሎይድ የሚሆንባቸው ሰዎች ግን ይህን ሁሉ ለመጀመር አይቸኩሉ። ፀጉር ቤት ተላጭተው ሲመለሱ ማጅራታቸው ላይ ጠንካራ እብጠት የሚወጣባቸው ወንዶችም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ፀጉሩ የሚነቀለው ከዚያው አካባቢ ነውና።

ከቀዶ ሕክምናው ውጭ ያለው ትልቁ ጉዳይ መድኃኒት ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የሚከታተል ሁሉ ተጫዋቹ ዋይን ሩኒ በጁን 2011፣ በ25 ዓመቱ ፀጉር ማስተከሉን በትዊተር በይፋ መናገሩን ያስታውሳል። በ2013 ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ማስተከሉ ተዘገበ። በዚያ ዕድሜ ራሰ በራነቱ ገና ጉዞ ላይ ነው። የተተከለው ይቆማል፣ ከኋላውና ከጎኑ ያለው ነባር ፀጉር ግን መሳሳቱን ይቀጥላል፤ ሰውየውም የተተከለው የጠፋበት ይመስለዋል። ስለዚህ "ከሸፈ" የሚባል ንቅለ ተከላ አንዳንዴ ያልከሸፈ፣ ብቻውን የቀረ ነው። ይህን ነባር ፀጉር ለማቆየት የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ። ሚኖክሲዲል በመጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር፤ ሕሙማኑ ፀጉር ሲያበቅሉ ታይቶ የሚቀባው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ተፈቀደ። ዲኤችቲን የሚቀንሰው ፊናስቴራይድ በ1997 ለወንዶች ተፈቀደ። ሁለቱም ውጤታቸው የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ ሲቋረጡም ያቆዩት ፀጉር ይሄዳል። ፊናስቴራይድ በአንዳንድ ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎት መቀነስና የስሜት መጨለም ያመጣል፤ እርጉዝ ሴት ልትወስደውም ሆነ የተሰበረ ክኒኑን ልትነካው አይገባም። ያለ ሐኪም አይጀመር።

ኢስታንቡልን ሳላነሣ ምዕራፉ አይሞላም። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፤ በውጭ ያሉ ወገኖቻችንም የሚሄዱት ወደዚያ ነው። በከተማዋ ዓለም የሚያውቃቸው ጥሩ ሐኪሞች አሉ። ከእነሱ ጎን ደግሞ ሐኪሙ ለሰላምታ ብቅ ብሎ መብሳቱንም መንቀሉንም የሕክምና ፈቃድ ለሌላቸው ሠራተኞች የሚተውባቸው ቤቶች አሉ፤ እንዲህ ያለው ሥራ በሌሎች አገሮችም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የፀጉር ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር በዚህ ላይ ዘመቻ ከፍቷል፤ ኖቬምበር 11ንም የተበላሸ ንቅለ ተከላ የሚጠገንበትና የሚታሰብበት ቀን አድርጎታል። ለጥገና ሲሄዱ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ይኑር፦ "ቆዳዬን የሚበሳው፣ ፀጉሬንም የሚነቅለው እርስዎ ራስዎ ነዎት?" መልሱ በጽሑፍ ይሰጥዎት።

የተሻለ ውጤት የሚመጣው ሁልጊዜ በመጨመር አይደለም። ማጅራቱ ካለቀ፣ በሽታው ካልረጋ፣ ጠባሳው የሚያብጥ ከሆነ ተላጭቶ መኖር፣ ቀለም መነቀስ፣ ወይም ጥሩ ዊግ ማድረግ ሙሉ ሕክምና ነው፤ ሽንፈት ብዬ አልጠራውም። ጉዳዩ እንቅልፍ የሚነሣ፣ ከሰው የሚያሸሽ፣ ሌላው የማያየውን ጉድለት ቀኑን ሙሉ የሚያስፈትሽ ከሆነ ደግሞ ከፀጉር ሐኪሙ በፊት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይታይ። መዝገብዎንና የዓመቱን ፎቶ ይዘው ቢያንስ ሁለት ሐኪሞች ያማክሩ። ከሁለቱ አንዱ "ሌላ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግዎትም" ካለዎት የምክር ክፍያውን ከፍለው ያመስግኑት፤ ሊያገኘው ይችል የነበረውን ገንዘብ ትቶ እውነቱን ነግሮዎታል።